ለረጅም የእግር ጉዞ ስንቅ እንዴት ይታቀዳል? በአፓላቺያን መንገድ ከዌይንስቦሮ እስከ ሃርፐርስ ፌሪ

ለብዙ ቀን የእግር ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጫማ ነው። ቀጥሎ ስለ ድንኳን። ምግብ ትዝ የሚለው ቦርሳው ሞልቶ ዚፑ አልዘጋ ሲል ነው። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ የሁለት ሳምንት ምግብ ተሸክሞ በመጀመሪያው ዳገት ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ወይ ደግሞ "መንገድ ላይ አይጠፋም" ብሎ ይወጣና በሦስተኛው ቀን ብስኩት ቆጥሮ ያድራል።

ችግሩ ጉዞውን እንደ አንድ ረጅም መንገድ ማየት ነው። የለመዱት ሰዎች ከከተማ ከተማ በምዕራፍ ይከፋፍሉታል። ወራት የሚፈጅ መንገድ የሚሄድ ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው የአራት ወይም የአምስት ቀን ምግብ ነው። ምዕራፉን የት የት ላይ እንደምትቆርጡ የሚያሳያችሁ የመንገድ መመሪያው ነው። መመሪያው ግን ሱቁ የት እንዳለ እንጂ ዛሬ ክፍት መሆኑን አያውቅም። እሱን ደውሎ ማረጋገጥ የናንተ ፋንታ ነው።

ምሳሌ አድርጌ በምሥራቅ አሜሪካ የሚያልፈውን የአፓላቺያንን የእግር መንገድ እወስዳለሁ። ጆርጂያ ውስጥ ከስፕሪንገር ተራራ ይነሳና ሜን ውስጥ ካታዲን ተራራ ላይ ያበቃል። 14 ግዛቶችን ያቋርጣል። ርዝመቱ ወደ 2,200 ማይል ይጠጋል። መንገዱ እዚህም እዚያም ስለሚዛወር ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ትንሽ ይለዋወጣል። ሙሉውን እንሂድ አልልም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ሐበሻ ደጁ ላይ ያለ፣ ለጀማሪም የማይከብድ አንድ ክፍል አለ፤ ከዌይንስቦሮ አጠገብ ካለው ሮክፊሽ ጋፕ ተነስቶ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ሃርፐርስ ፌሪ የሚደርስ። 160 ማይል ገደማ ነው፤ ወደ 260 ኪሎ ሜትር። ሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው ይጨርሰዋል።

1. መመሪያውን ያዙና ማንበብ ተለማመዱ

መመሪያ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ የታተመው ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቦታ ነው፤ ምንጭ፣ መጠለያ፣ አስፋልት፣ ከተማ። ከጎኑ ከደቡብ መነሻው ስንት ማይል እንደሆነና እስከ ሰሜን ጫፍ ስንት እንደቀረ ተጽፏል። ከስር ወይም ከጎን ደግሞ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያሳይ የከፍታ መስመር ይኖረዋል። ሁለተኛው የስልክ አፕ ነው። ብዙ ተጓዥ የሚጠቀመው ፋርአውት የሚባለውን ነው። ካርታውን ቤት ሆናችሁ ዳውንሎድ ካደረጋችሁ ኔትወርክ በሌለበት ጫካም በጂፒኤስ የቆማችሁበትን ያሳያል። ተጓዦች ስለ ምንጩና ስለ ሱቁ የጻፉትን አስተያየትም ከነቀኑ ያወጣል።

ሁለቱንም ያዙ። ስልክ ይወድቃል፣ ይረጥባል፣ ባትሪው ያልቃል። ወረቀት ቢረጥብም ይነበባል። መጽሐፉን ሙሉውን መሸከም ግን አያስፈልግም፤ የምትሄዱበትን ክፍል ገጾች ቀድዳችሁ በዚፕ ላስቲክ ውስጥ ያዙ። መጽሐፍ መቅደድ ኃጢአት የሚመስለው ሰው ፎቶ ኮፒ ያንሳ።

መመሪያው የዘንድሮ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ቴነሲ ውስጥ ኧርዊን አጠገብ ተጓዡ የኖሊቻኪን ወንዝ የሚሻገርበትን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ሆት ስፕሪንግስና ዳማስከስ የተባሉት የተጓዥ ከተሞችም ክፉኛ ተጎዱ። የ2024ን መመሪያ ይዞ በማግስቱ ዓመት የሄደ ሰው ወረቀቱ ላይ ድልድይ ነበረው፤ ወንዙ ላይ አልነበረውም። የቆየ መመሪያ ከጓደኛ ተውሳችሁ ከሆነ ለተራራውና ለርቀቱ ተጠቀሙበት፤ ለሱቅ፣ ለሆስቴልና ለስልክ ቁጥር አትመኑት።

አስተያየት ስታነቡ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። በሴፕቴምበር "ምንጩ ደርቋል" ያለ ሰው በኤፕሪል ለሚሄድ ሰው ምንም አልነገረውም። "ቀላል ዳገት ነው" የሚለውንም ተጠራጠሩ። የጻፈው ሰው ከጆርጂያ ጀምሮ በእግሩ የመጣ፣ እግሩ ብረት የሆነ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ክፍል ደግሞ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። መመሪያው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይቆጥራል፤ ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ማይሉ ይጨምራል። ፓርኩን ከጫፍ ጫፍ የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው የመኪና መንገድ ግን የሚቆጥረው ከሰሜን ነው። ዜሮው ፍሮንት ሮያል፣ 105ኛው ማይል ሮክፊሽ ጋፕ ነው። የእግር መንገዱ አስፋልቱን ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀላቀላሉ። ሊያገኛችሁ ለሚመጣ ሰው "ማይል 51 ላይ ነኝ" ስትሉ የመኪናው መንገድ ቁጥር መሆኑን አብራችሁ ንገሩት።

መሬት ላይ ያለውን ምልክትም እወቁ። በዛፍ ላይ የተቀባ ነጭ ምልክት፣ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ዋናው መንገድ ነው። ሁለት ነጭ ምልክት አንዱ ካንዱ በላይ ካያችሁ መታጠፊያ አለና ቀስ በሉ። ሰማያዊ ወደ ምንጭ፣ ወደ መጠለያ ወይም ወደ መመልከቻ የሚወስድ የጎን መንገድ ነው። ሸናንዶዋ ውስጥ መገንጠያዎቹ ላይ የሲሚንቶ ቋሚዎች ተተክለዋል። ወገባቸውን ቆርቆሮ ተጠምጥሞባቸው ርቀቱ በደቃቅ ፊደል ተቀርጾበታል። ለማንበብ ከነቦርሳችሁ ዙሪያውን መዞር አለባችሁ፤ ግን የጻፉት አይሳሳትም።

2. በቀን ስንት ማይል እንደምትሄዱ ሳትኩራሩ አስሉ

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል። ለየ3 ማይሉ አንድ ሰዓት ያዙ። ለየ2,000 ጫማው ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 12 ማይል ከ3,000 ጫማ ዳገት ጋር አምስት ሰዓት ተኩል ይመጣል ማለት ነው። ይሄ ግን ዕረፍት የሌለው፣ ቀለል ያለ ቦርሳ የያዘ ሰው ስሌት ነው። ከነቦርሳ፣ ከነምሳ፣ ውሃ ለመቅዳት ከመቆም ጋር ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት በሉት።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት 10 ማይል ይበቃል። በሳምንቱ መጨረሻ በከተማ መናፈሻ 15 ማይል የሄደ ሰው ይሄ ያንስበታል። በተከታታይ ቀን ዳገት መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞም ከታሰበው በላይ ከሄዳችሁ ምግብ ይተርፋል፤ ካነሰ ግን ይጎድላል።

3. መንገዱን በምዕራፍ ቁረጡ

አሁን መመሪያውን ዘርግታችሁ ምግብ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አክብቡ። በኛ ክፍል እንዲህ ይወጣል።

መነሻ ዌይንስቦሮ ነው። ከተማው ከመንገዱ አራት ማይል ተኩል ያህል ይርቃል፤ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች አሉት። ከዲሲ ለሚመጣ ሰው ከዩኒየን ስቴሽን እስከ ሻርለትስቪል በአምትራክ፣ ከዚያ በታክሲ መሄድ ይቻላል። ዘመድ በመኪና ካደረሳችሁ ደግሞ ስንቁን ከቤት ይዛችሁ በቀጥታ ሮክፊሽ ጋፕ ትወርዳላችሁ።

ፓርኩ ውስጥ በስካይላይን ድራይቭ ላይ ሦስት ቦታ ያዙ። ሎፍት ማውንቴን ማይል 79 ላይ፣ ቢግ ሜዶውስ ማይል 51 ላይ፣ ኤልክዋሎው ማይል 24 ላይ። ልዩነታቸውን ተመልከቱ። ከ105 እስከ 79፣ ከ79 እስከ 51፣ ከ51 እስከ 24፣ ከ24 እስከ ዜሮ። የእግር መንገዱ ከአስፋልቱ ትንሽ ቢረዝምም በቀን 10 ማይል ለሚሄድ ሰው በየሦስት ቀኑ ገደማ አንድ ምግብ ያለበት ቦታ ይደርሳል። ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ግን እነዚህ ሱፐርማርኬት አይደሉም። ለመኪና ተጓዥ የተከፈቱ ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ቺፕስ፣ ሃምበርገር፣ ቸኮሌት፣ ለስላሳ ታገኛላችሁ። የብላክቤሪ ሼካቸው የታወቀ ነው፤ ሳትጠጡ አትለፉ። ዋጋቸው ግን ይነክሳል፤ በአሜሪካ የብርድ ወራት ደግሞ ይዘጋሉ። ስለዚህ ራት የሚሆነውን ይዛችሁ ግቡ፤ እዚያ ምሳ ብሉ፣ የመክሰስ የመክሰሱን ሙሉ።

ከፓርኩ ስትወጡ ፍሮንት ሮያል አለ። ከሮክፊሽ ጋፕ 108 ማይል ገደማ ላይ መንገዱ አውራ ጎዳና 522ን ያቋርጣል፤ ከዚያ ከተማው ጥቂት ማይል ነው። ሱፐርማርኬት፣ ፖስታ ቤት፣ ማደሪያ አለው። ሻወር ወስዳችሁ አንድ ሌሊት አልጋ ላይ የምትተኙበት ቦታ ይሄ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሃርፐርስ ፌሪ 54 ማይል ገደማ ነው። ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል፤ አትሸወዱ። መሃሉ ላይ 13 ማይል ተኩል የሚሆን "ሮለር ኮስተር" የሚሉት አለ። ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ፤ ከፍ ያለ ተራራ የለውም፣ ማለቂያም የለውም። እዚህ ላይ ማይሉን ሳይሆን የከፍታውን መስመር አይታችሁ ቀኑን አስሉ። ሃርፐርስ ፌሪ 20 ማይል ገደማ ሲቀር ቤርስ ዴን የሚባል የድንጋይ ቤት ሆስቴል አለ። ለአምስት ቀን የሚሆን ምግብ ከፍሮንት ሮያል ይዛችሁ ከወጣችሁ ይበቃችኋል።

4. ስንቁን መዝኑ

የተለመደው መለኪያ በቀን ለአንድ ሰው ከ700 እስከ 900 ግራም ደረቅ ምግብ ነው። ግራሙ ብቻ ግን አይበቃም። በአንድ ግራም ከአራት ካሎሪ በላይ የሚሰጥ ምግብ ፈልጉ። ውሃ ያለበት ምግብ፣ ማለትም ጣሳ፣ ፍራፍሬ፣ የበሰለ ወጥ፣ በከንቱ ይከብዳል።

ሱቅ ሄዳችሁ በፎይል የታሸገ የተጓዥ ምግብ መግዛት ትችላላችሁ። ውድ ነው፤ ሁሉም ከሳምንት በኋላ አንድ ዓይነት ይጣፍጣል። የኛ ቤት ለዚህ ነገር ድሮውንም የተዘጋጀ ነው። በቅሎ ጭነው ወር ሲሄዱ የነበሩ ሰዎች የበሉት ምግብ ዛሬም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ይሸጣል።

የአንድ ቀን ምሳሌ ልስጣችሁ። ጠዋት በሶ 120 ግራም ከ50 ግራም ስኳር ጋር። ቀን ላይ እየሄዱ የሚቆረጠም ዳቦ ቆሎ 150 ግራም፣ ኦቾሎኒ 120 ግራም፣ ቴምር 80 ግራም። ማታ ሽሮ 100 ግራም፣ ዘይት 30 ግራም፣ ድርቆሽ 100 ግራም። ሲደመር 750 ግራም፤ ካሎሪው 3,100 ገደማ ይመጣል። ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የተጓዥ ርሃብ የሚባለው ይመጣና ኦቾሎኒውንና ዘይቱን መጨመር ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። በሶውን ሰፊ አፍ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ናጡ። ምድጃ ሳትለኩሱ ቁርስ በልታችሁ ድንኳን ትነቅላላችሁ። ለሽሮው ቅመሙ የገባበትን ምጥን ሽሮ ያዙ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ በፈላ ውሃ ላይ በቀጥታ ከነሰነሳችሁት ይጓጉላል። ከዚያ ዘይትና ጨው ጨምራችሁ ትንሽ ሲንተከተክ አውርዱት። ድርቆሹን ሰብራችሁ ጨምሩና ክደኑት። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ፍርፍር ነው። አጠገባችሁ ኑድል የሚበሉት ሰዎች ሽታውን ተከትለው ምን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሽሮ ከኑድል ይልቅ እሳት ላይ ስለሚቆይ ጋዝ ይበላል። ትንሹ የ100 ግራም ጣሳ ውሃ ብቻ ለሚያፈላ አንድ ሰው ሳምንት ያህል ሊሄድ ይችላል፤ ሽሮ ለሚያበስል ግን መጠባበቂያ ያዙ ወይም ትልቁን ግዙ። ጋዝ በአውሮፕላን ይዞ መሳፈር ክልክል ነው፤ በፖስታ መላክም ጥብቅ ደንብ አለው። ከተማ ስትገቡ መግዛት ነው።

በቅቤ የታሸ ጩኮ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቂት ጉርሻ ብቻ ዳገት ያስወጣል። ቋንጣም ጥሩ ነው። ግን ከኢትዮጵያ የመጣ ቋንጣ አሜሪካ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል፤ ሥጋ ማስገባት አይፈቀድም። እዚሁ የተዘጋጀውን ግዙ። ሌላው ነገር ሽታው ነው። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ የሞላበት ነው። ቅቤና ቋንጣ ይዞ ድንኳን ውስጥ መተኛት ድብ እንደ መጋበዝ ነው። በፓርኩ መጠለያዎች ዘንድ አናቱ ላይ መንጠቆዎች ያሉት ረጅም የብረት ምሰሶ ተተክሏል። የምግብ ቦርሳችሁን በብረት ዘንግ አንስታችሁ መንጠቆው ላይ ትሰቅላላችሁ። ክንድ ሲደክም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሳይመሽ ስቀሉ። ከመጠለያ ውጪ የምታድሩ ከሆነ ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የምግብ ጣሳ ያዙ። የጥርስ ሳሙናውም፣ ቅባቱም አብሮ ይገባል።

ጾም የሚጾም ሰው ሌላ ሒሳብ አለው። ከጆርጂያ ተነስተው ሙሉውን የሚሄዱ ሰዎች የሚጀምሩት በአብዛኛው በማርችና በኤፕሪል ነው፤ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። በፓርኩ ሱቆች ውስጥ ቺዝ የሌለበት ትኩስ ምግብ ማግኘት ፈተና ነው። ከላይ ያለው ዝርዝር እንዳለ የጾም ነው፤ ዳቦ ቆሎው በቅቤ አለመታሸቱን ብቻ ጠይቁ። በቅቤው ፋንታ ኦቾሎኒ ቅቤና ዘይት ያዙ። ዘይት በግራም ወደ ዘጠኝ ካሎሪ ስለሚሰጥ ክብደቱ አያስቆጭም፤ ክዳኑ የማያፈስ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ፈልጉለት።

5. ምኑ ይገዛ፣ ምኑ ይላክ

ሙሉ ጉዞውን በካርቶን አሽጎ ወደ ከተሞቹ ቀድሞ መላክ ፊት የተለመደ ነበር። እኔ አልመክርም። ቤት ሆናችሁ የመረጣችሁት ጣዕም ከወር በኋላ ያንገሸግሻችኋል፤ የፖስታው ሒሳብም ቀላል አይደለም። ከተማው ሱፐርማርኬት ካለው እዚያው ግዙ። ካርቶን የሚያስፈልገው ከተማው ነዳጅ ማደያ ብቻ ሲኖረው፣ ወይም እንደ ሽሮና ድርቆሽ ያለ እዚያ የማይገኝ ነገር ስትፈልጉ ነው። በኛ ክፍል አንድ ካርቶን ይበቃል፤ ወደ ፍሮንት ሮያል።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጄኔራል ዴሊቨሪ የሚባል አገልግሎት አለው። እዚያ ከተማ አድራሻ የሌለው ሰው በስሙ የተላከለትን ዕቃ ከፖስታ ቤቱ ሄዶ ይቀበላል። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ስማችሁን፣ ቀጥሎ ጄኔራል ዴሊቨሪ፣ ከዚያ ከተማውን፣ ግዛቱንና ዚፕ ኮዱን ጻፉ። ከጎኑ በትልቁ "ፕሊስ ሆልድ ፎር ሃይከር" ብላችሁ ትደርሳላችሁ ብላችሁ የምትገምቱትን ቀን ጨምሩ። እስከ 30 ቀን ያቆዩታል። ዩፒኤስና ፌዴክስ ወደ ጄኔራል ዴሊቨሪ አያደርሱም፤ በፖስታ ቤቱ በራሱ መላክ አለበት። ሆስቴል ከሆነ የምትልኩት ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ለማቆያ ያስከፍላል።

አሁን የኛ ስም ጉዳይ። ጸሐፊው ካርቶኖቹን የሚደረድረው በመጨረሻው ስም ነው። መታወቂያችሁ ላይ የአያት ስም ካለና ካርቶኑ ላይ የአባት ስም ብቻ ከጻፋችሁ ዕቃው ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ "የለም" ትባላላችሁ። ስለዚህ መታወቂያው ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። "ጸሐይ"ን አንዴ በቲ፣ አንዴ በኤስ መጀመር እዚህ አይሠራም። ስትቀበሉም መታወቂያውን አሳዩና በሁለቱም ስም እንዲፈልጉ ለምኑ። በካርቶኑ ጎኖች ሁሉ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር መለጠፍም ይረዳል፤ "አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተለጠፈበት" ካላችሁ ጸሐፊው ከሩቅ ያየዋል።

የፖስታ ቤቱን ሰዓት አትርሱ። እሁድ ዝግ ነው። ቅዳሜ ቢከፍት ግማሽ ቀን ነው። ሜይ መጨረሻ ያለው ሰኞ፣ ጁን 19፣ ጁላይ 4 የበዓል ቀናት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት የደረሰ ሰው እስከ ሰኞ ጠዋት ሆቴል ይከፍላል። የካርቶኑ ዕቃ የሆቴሉን ዋጋ አያወጣም።

ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ከፖስታም የሚሻል ነገር አለ፤ ዘመድ። ከዲሲ ቢግ ሜዶውስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ልጆች ይዞ መናፈስ የሚፈልግ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አይጠፋም። ፓርኩ መግቢያ ያስከፍላል፤ ስካይላይን ድራይቭ ላይም ፍጥነቱ ከ35 ማይል አይበልጥምና ቀድሞ ይነሳ። ኔትወርክ ስለሚጠፋ ቀጠሮው ከመነሻችሁ በፊት ያለቀ ይሁን። ሰዓቱን በግልጽ ጻፉ፤ "ስድስት ሰዓት" ስትሉት አንዱ ቀትር፣ ሌላው ማታ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት መልእክት ይሻላል፦

"ጋሽዬ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ በፈረንጅ 12 ሰዓት። ቢግ ሜዶውስ፣ ስካይላይን ድራይቭ ማይል 51፣ የምግብ ቤቱ በር ላይ። እስከ 2 ሰዓት ካልመጣሁ ዕቃውን መኪና ውስጥ አስቀምጠህ ልጆቹን አዝናና፤ እስከ 4 ካልመጣሁ ሬንጀሮቹን ጠይቅ። እንጀራ ካመጣህ ትንሽ ብቻ፣ ለዕለቱ።"

እንጀራውን ትንሽ ብቻ የምለው እርጥብ ስለሆነ ይከብዳል፤ በሙቀት ደግሞ በማግስቱ ይሻግታል። እዚያው ተበልቶ ያልቅ።

6. ውሃና መውጫ

በመመሪያው ላይ የየዕለቱን ምንጮች አስምሩና በመሃላቸው ያለውን ርቀት ቁጠሩ። በመጠነኛ ሙቀት በሰዓት ግማሽ ሊትር አስሉ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ቀጣዩ ምንጭ በአራት ማይል ካለ ሦስት ሊትር መሸከም ሞኝነት ነው። ሸናንዶዋ ውስጥ መንገዱ ሸንተረሩን ይዞ ስለሚሄድ ምንጮቹ ከስር ናቸው፤ በአሜሪካ የሙቀት ወራት መጨረሻ አንዳንዱ ይደርቃል። ያኔ የቅርብ ጊዜውን አስተያየት አንብቡ፤ ቅዳሜና እሁድ ከተጻፈው ጀምሩ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ያኔ ነው። ውሃውን ሁሉ አጣሩ። ማጣሪያው ውስጥ የቀረው ውሃ ሌሊት በረዶ ከሆነ ይበላሻልና ብርድ ካለ የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

ለየቀኑ አንድ መውጫም ምልክት አድርጉ። ቁርጭምጭሚት ቢዞር ቅርቡ አስፋልት የትኛው ነው? ፓርኩ ውስጥ ቀላል ነው። ከፓርኩ በኋላ ግን ማናሳስ ጋፕ፣ አሽቢ ጋፕና ስኒከርስ ጋፕ ላይ የሚያቋርጡትን መንገዶች ማወቅ አለባችሁ።

7. ደውሉ፣ ከዚያ በካርድ ጻፉት

ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት መመሪያው ላይ ያከበባችሁትን ሁሉ ደውላችሁ ጠይቁ። ዘንድሮ ክፍት ናችሁ? ከስንት እስከ ስንት? ካርቶን ትቀበላላችሁ? ለስንት? ፓርኩ ውስጥ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኢንተርኔት ቀድማችሁ አውጡ። አምስት ስልክ ቢሆን ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

መልሱን ለየምዕራፉ በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ አስፍሩ። ከየት እስከ የት፣ ስንት ማይል፣ ስንት ቀን፣ ምግቡ የት፣ ሱቁ መቼ ይዘጋል፣ ትልቁ የውሃ ክፍተት የቱ ጋ ነው፣ መውጫው የት ነው። የካርዱን ፎቶ ቤት ለሚቀረው ሰው ላኩ። ዝርዝር ዕቅድ ከሁለት ምዕራፍ በላይ አታውጡ፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ፍጥነታችሁ ተለውጦ ያገኛችሁታል።

ይሄ ዘዴ ሙሉውን መንገድ ለሚሄድም ያው ነው። የሚለየው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ብላድ ማውንቴን አካባቢ ከማርች 1 እስከ ጁን 1 ለሚያድር ሰው የድብ ጣሳ ግዴታ ነው። ሜን ውስጥ ከሞንሰን በኋላ የመቶ ማይል በረሃ የሚሉት ጫካ ይመጣል፤ መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ የአሥር ቀን ምግብ ያልያዘ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰው ባነሰ ቀን ያቋርጠዋል፤ ሰሌዳውን ግን አትናቁ። ካታዲንም በኦክቶበር 15 አካባቢ የማደሪያ ቦታው ስለሚዘጋ ዕቅዱ ከኋላ ወደ ፊት የሚቆጠር ነው።

ወደኛው ክፍል ስንመለስ፣ የመጨረሻው ካርድ ላይ የቤት መመለሻውን ጻፉ። ሃርፐርስ ፌሪ የባቡር ጣቢያ አለው። ማርክ የሚባለው ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቆሞ ዩኒየን ስቴሽን ይደርሳል። ግን የሠራተኛ ባቡር ነው፤ ወደ ዲሲ የሚሄደው ከሰኞ እስከ ዓርብ ማለዳ ነው፣ ከሰዓት የሚነሳው ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ደርሳችሁ ዓርብ ማለዳ ተሳፈሩ። ዓርብ ከሰዓት የምትደርሱ ከሆነ የአምትራክን ባቡር ሰዓት አይታችሁ ትኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው።